የሹፌር ወገብ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

ቃሊቲ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ነገሩን ከቤት ጀምሬ አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲኖትራክ ላይ ጠጠር ነው የምጭነው። ወገቤን ይቆርጠኛል። ሁሉም «ብርድ ነው፣ መስኮቱን ዝጋ» ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መስኮቱን ተወውና ወንበሩን እየው። ከመንገዱ የሚነሳው ንዝረት በወንበሩ አድርጎ አከርካሪህ ላይ ነው የሚያርፈው። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በተለይ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት ይከብደዋል። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ዲስክ ደግሞ ደም ስር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡ የሚደርሰው ከዙሪያው እየሰረገ ነው፤ ለዚህም እንቅስቃሴ ይረዳዋል። ሙሉ ቀን ቁጭ ስትል ይቸገራል። ያለቀ ስፖንጅ፣ የደከመ ባሌስትራ (የመኪናው ሞላ)፣ ኮረኮንች ላይ መፍጠን ሁሉም ያብሱታል።

ጥያቄ፦ እኔ ስነዳ ደህና ነኝ። የሚይዘኝ ወርጄ ጎማ ሳነሳ ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ሹፌር የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ለሰዓታት ስትቀመጥ የወገብህ ጅማቶች ይረግባሉ፣ ጡንቻዎቹም ይዝላሉ። በዚያ ላይ ጎንበስ ብለህ ከባድ ነገር ስትስብ ዲስኩ ላይ ጫናው ይበረታል። አባቴም የተጎዳው እንዲሁ ነው። ከአዳማ መጥቶ ቆመ፤ ሞተሩ ሳይበርድ ከጋቢና ዘሎ ወርዶ የሸራውን ገመድ ሳበ። ቀና ማለት አቃተው። እናቴ ሦስት ሳምንት ካልሲውን እያጠለቀችለት ነው የከረመው። አደራህን፣ አትዝለል። ፊትህን ወደ መኪናው አዙረህ እየያዝክ ውረድ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ጎማዎቹን እየዞርክ እይ፣ ከዚያ ወደ ጭነቱ።

ጥያቄ፦ ከሰበታ፣ ሚኒባስ። ግራ ጉልበቴ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል።

መልስ፦ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ስትቀይር በግራ እግርህ የምትረግጠውን፣ እጠረጥራለሁ። ወንበሩን ወደፊት ሳበው። እስከ መጨረሻ ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ እንዳለ መቅረት አለበት። ከኋላ ኪስህም ቦርሳህን አውጣ፣ ዳሌህን ያጣምመዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 30 ዓመት ነዳሁ። የህመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ እየተወጋሁ ነው የምውለው። ጫትም ያስረሳኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ህመሙ ካልተሰማዎት ሳያርፉ ይነዳሉ፤ የምፈራው ይህን ነው። መርፌውም ሲደጋገም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። እባክዎ ያለ ሐኪም አይወጉ።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ቢያሸኝስ?

መልስ፦ ህመሙ ወደ እግርህ ከወረደ አትታሽ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። በጭኖችህ መሃል ከደነዘዘህ፣ ሽንት ካመለጠህ ወይም እምቢ ካለህ፣ ወይም እግርህ ከሰነፈ ግን መኪናውን ለሌላ ሰው ስጥና ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ግባ። ለነገ አይባልም።