ማታ ማታ ለሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት የሚታይ ነገር አለ

ከአዘዞ የጻፉልን ወንድማችን፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩበትና ራሳቸው የገጣጠሙት ኮምፒውተር ያለቀውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲያወጣ (ኤክስፖርት ሲያደርግ)፣ በተለይም ማታ ማታ፣ በድንገት ጠፍቶ እንደገና እንደሚነሣ ገልጸው፣ «የግራፊክስ ካርዱ አቅም አንሶት ስለሚመስለኝ የትኛውን ካርድ ልግዛ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ እየኖርሁ ለራሴም ለወዳጆቼም በርከት ያሉ ኮምፒውተሮችን ገጣጥሜያለሁ። የገጠመዎት ነገር እኔንም ሁለት ወር ሙሉ ስላንከራተተኝ፣ ካርዱን ከመግዛትዎ በፊት የሚከተለውን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የእኔም ኮምፒውተር እንደ እርስዎው ምሽት ላይ ብቻ ነበር የሚጠፋው። መጀመሪያ ራሙን ጠረጠርሁና ከጓደኛዬ ተውሼ ቀየርሁት። ቀጥሎ ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንሁ፣ የፕሮሰሰሩን ቴርማል ፔስትም (ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። የዊንዶውስ መዝገብ ላይ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ስሕተት እየደጋገመ ይታየኝ ስለነበር ትልቅ ፍንጭ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ይህ ቁጥር ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ምሥጢሩን የፈታችው ስለ ኮምፒውተር ምንም የማታውቀው እናቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ምሽት ከማድ ቤት ወጥታ «እኔ ምጣዱን በሰካሁ ቁጥር ያንተ ነገር የሚጠፋው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ቀጭን ወይም ያረጀ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት እንጀራ የሚጋግር ከሆነ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። በመልቲሜትር ስለካው በሰላሙ ጊዜ 218 የነበረው ቮልት ምጣዱ ሲሰካ ወደ 181 ወረደ። ከዚያ በኋላ የኬዙን ጎን ከፍቼ የፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚሆን ቮልት ቀይሮ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ጽሑፍ አነበብሁት፤ የሚቀበለው ከ200 እስከ 240 ቮልት ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ጉድለቱን ይችለዋል፣ ኤክስፖርት ሲጀምር ግን ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ይወድቃል።

ከዚያው ጽሑፍ ሌላም ነገር ተማርሁ። ፓወር ሰፕላዩ ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣ ሲሆን፣ በጎኑ ላይ «500 ዋት» የሚል በጉልህ ተጽፎበታል። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ግን በዋናነት ከ12 ቮልቱ መሥመር ነው፤ በዚያ መሥመር ላይ የተጻፈው 18 አምፔር ብቻ ነበር። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው፤ የቀረው ቁጥር ለጌጥ የተጻፈ ይመስላል። ስለዚህ እርስዎም ትልቁን ቁጥር ትተው በትንንሹ ፊደል የተጻፈውን የ12 ቮልት አምፔርና የሚቀበለውን የቮልት መጠን ይመልከቱ። እኔ በኋላ የገዛሁት 550 ዋት ሲሆን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ በ12 ቮልቱ መሥመር ላይ ደግሞ 43 አምፔር ይሰጣል። ምጣዱ ከዚያ ወዲህ እንደ ልቡ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩም አልጠፋብኝም። ብዙ ሰው ተማምኖ የሚገዛበት «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት፣ የተሳበው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ በሙቀት ሳይባክን ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስ ብቻ የሚገልጽ ስለሆነ፣ ስለ መከላከያውም ሆነ ስለ ዕድሜው ማረጋገጫ አድርገው አይውሰዱት። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ያለዎት ደግሞ ማብሪያው 230 ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ እንዳይሰኩት፤ በእኛ አገር መብራት 115 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስን በተመለከተ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ 650 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ መብራት በሄደ ቁጥር እስኪያልቅ ድረስ ከተሠራበት ቶሎ ይሞታል፤ እኔ የመጀመሪያውን በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገድየዋለሁ። ስለዚህ ዩፒኤስ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት እንጂ መብራት እስኪመጣ ድረስ ለመሥራት አይደለም። ሌላው የማይነገር ነገር ደግሞ፣ ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ሞገድ እንደ መብራቱ የተስተካከለ ስላልሆነ፣ አንዳንድ ጥሩ የሚባሉ ፓወር ሰፕላዮች ጭራሹን አይቀበሉትምና መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ እያለም ይጠፋሉ። ሲገዙ ሻጩን ያስፈቅዱና ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው ይሞክሩት። ዲቫይደር ብቻውን ምንም አይከላከልም።

እንደ እኔ ልምድ ዕቃ የሚያቃጥለው ከመብራቱ መሄድ ይልቅ መምጣቱ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሠው ይሰኩት። ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ (ባዮስ) ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉት። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ፣ የስልክ መሥመር ኢንተርኔት ካለዎት የእሱንም ገመድ መንቀል አይርሱ፤ የአንድ ወዳጄ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ሰሌዳ) የተቃጠለው ከመብራት ነቅሎት ሳለ በኔትወርክ ገመዱ በኩል በመጣ ኃይል ነው።

ኬዙን በባዶ እጅዎ ሲነኩት የሚነዝርዎት ከሆነም ብዙውን ጊዜ የመሬት ሽቦ የለም ማለት ነው። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣሪያ ካፓሲተሮች የመብራቱን ግማሽ ያህል ቮልት በጣም በትንሽ አምፔር ወደ ኬዙ ያሾልካሉ፤ መሬት ያለው ሶኬት ቢሆን ኖሮ ወደ መሬት ይወርድ ነበር። እንዲህ ያለው ትንሽ ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ ለሰው የሚያሰጋ ባይሆንም፣ ኮምፒውተሩ እንደተሰካ የሞኒተር ወይም የዩኤስቢ ገመድ ሲሰኩ ወደቡን ሊያበላሽ ይችላል። ይህንን ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ያሠሩት፤ ሦስተኛውን ሽቦ ከኒውትራሉ (ከመብራቱ መመለሻ ሽቦ) ጋር አገናኝቶ «ጨርሼልሃለሁ» የሚልዎትን ግን ፈጽሞ አይቀበሉ፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሰውን ይገድላል።

መጥፋቱ ከሙቀትም ሊሆን ስለሚችል አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። በበጋው አቧራ ላይ የዕጣኑና የቡናው ጢስ ሲጨመርበት፣ የፋኑ ክንፍ ላይ የሚጣበቀው ነገር በመንፋት ብቻ አይለቅም፤ በትንሽ ብሩሽ መጥረግ ይፈልጋል። (ቡናውን ከኮምፒውተሩ ክፍል ውጭ አፍሉ ብዬ ጠይቄ አልተሳካልኝም።) ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት።

ይህን ሁሉ ፈትሸው ካርድ መቀየሩ የማይቀር ሆኖ ካገኙት፣ በመጀመሪያ ካሜራዎ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀርጽ ይዩ። በኤች 265፣ ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 (ብዙ የቀለም ዝርዝር በሚይዝ የቀረጻ ዓይነት) ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው አርቲኤክስ 50 ተከታታይ በፊት የነበሩት የኤንቪዲያ ካርዶች ያንን ፋይል በሃርድዌር፣ ማለትም ቪዲዮ ለመፍታት በተሠራው ክፍላቸው፣ አይፈቱትም፤ ምንም ያህል ውድ ቢሆኑ ቪዲዮው ሲታይ ሊንተባተብ ይችላል። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ ይፈቱታል። ስለዚህ ለእርስዎ ሥራ ኮር አይ5 12400 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከአንድ ውድ ካርድ የበለጠ ሊጠቅምዎት ይችላል። ሲገዙ ግን በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ባለ ኤፉ ግራፊክስ የለውም። እኔ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ባለ ኤፉን ገዝቼ፣ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ፣ ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ተጨንቄያለሁ።

ያገለገለ ካርድ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ጂፒዩ ዚ (GPU-Z) የሚባለውን የካርድ መመርመሪያ ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። በውስጡ የተጫነው ፕሮግራም (የካርዱ ባዮስ) ተቀይሮ አዲስ ስም የተሰጠው አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ሐሰተኛ መሆኑን ብዙውን ጊዜ ይነግርዎታል። ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ ካርዱንና ትልቁን የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ከማዘርቦርዱ አስነቅለው ለየብቻ ያስጠቅልሉ፤ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ተሻግሮ የመጣልኝ አንድ ኮምፒውተር የካርዱ መሰኪያ ከቦርዱ ላይ ተገንጥሎ ደርሶኛል።

ለጊዜው ግን ምንም አይግዙ። ዛሬ ማታ ምጣድ ሲሰካ ቮልቱን ይለኩና፣ ቁጥሩንና የፓወር ሰፕላዩን ጎን ፎቶ አንሥተው እዚሁ ይላኩልን።