ጥያቄ፦ «ሀይሉ» ብዬ ስፈልግ «ኃይሉ» አይመጣም፣ ዳታቤዙ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ዳታቤዝህ ምንም አልሆነም። አንተ እኩል የምታነባቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበት ስርዓት) የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ «ሀይሉ» እና «ኃይሉ» የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ኮሌሽን (ዳታቤዙ ፊደላትን የሚያወዳድርበትና የሚደረድርበት ደንብ) መቀያየሩን ተወው፣ የተለመዱት ኮሌሽኖች ይህን አይፈቱልህም።

እንዲህ አድርግ፦

1. ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም ጨምር። ኢንዴክሱንም (ፍለጋን የሚያፈጥነውን ማውጫ) እዚያ ላይ አድርገው።

2. ሞክሼ ፊደላትን (ድምፃቸው አንድ፣ ቅርጻቸው የተለያየ) አንድ የሚያደርግ ትንሽ ፈንክሽን ጻፍ። እያንዳንዱን ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በእጅህ አትዘርዝር፣ ያደክምሃል። በዩኒኮድ ቅደም ተከተላቸው አንድ ስለሆነ ከቁጥራቸው መቀነስ ይበቃል፦ ወደ ሀ ለማምጣት ከሐ ቤት 16፣ ከኀ ቤት 128፤ ወደ አ ለማምጣት ከዐ ቤት 48፤ ወደ ጸ ለማምጣት ከፀ ቤት 8። የሠ ቤት ብቻ ተቃራኒ ነው፣ ወደ ሰ ለማምጣት 16 ትደምራለህ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ቀይር።

3. የድሮዎቹን መዝገቦች አንዴ በፈንክሽኑ አሳልፈህ ውጤቱን በአዲሱ ኮለም አስቀምጥ።

4. ተጠቃሚው የሚፈልገውንም ቃል እንደዚያው በፈንክሽኑ አሳልፈህ በአዲሱ ኮለም ውስጥ ፈልግ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይቺን ነው።

አደራ፣ የተቀየረውን ጽሑፍ በዋናው ስም ላይ እንዳትጽፍበት። አብሬው የሠራሁት አንድ ቡድን «ዳታ እናጽዳ» ብሎ ይህንኑ አደረገ። ሰርተፊኬቱ ሲታተም ሰዉ «ስሜን አበላሻችሁት» እያለ መጣ። አንዴ ሰ የሆነው ፊደል በፊት ሠ ይሁን ሰ የሚነግርህ ነገር የለም። ባክአፕ ከሌለህ አለቀ።