ርካሹ ጠመንጃ ይመታል ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጠመንጃ ናቸው። ለአዲስ አንባቢዎች፣ እኔ የሀዋሳ ልጅ ነኝ። ይህን አምድ ከመጀመሬ በፊት በሙኔሳና በባሌ ደጋ የአደን ካምፖች ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የእንግዶቹን ጠመንጃ እቀበላለሁ፣ እወለውላለሁ፣ ኢላማ ላይ አስሞክራለሁ፣ ከዚያ ከዱካ ተከታዮቹ ጋር እወጣለሁ። የምመልሰውም በእጄ ካለፈው ተነሥቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ሚኒሶታ ነው። ባለፈው ኅዳር ለአጋዘን አደን ብሎ በእጅ እየሳቡ የሚያቀባብሉትን፣ ርካሽ የሚባለውን ጠመንጃ ገዛ። ሰደፉ ፕላስቲክ ነው። ማነጣጠሪያ መነጽሩም ተገጥሞለት አብሮ የተሸጠ ነው። በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ሲተኩስ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ነው የሚያርፈው። ጓደኞቹ «ርካሽ ያው ርካሽ ነው፣ ሽጠውና ደህና ግዛ» ይሉታል። እርስዎ ምን ይላሉ? (ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሀዋሳ)

መልስ፦ አይሽጠው። ቢያንስ የምነግርህን ሳይሞክር አይሽጠው።

መጀመሪያ የረከሰው ምኑ እንደሆነ እንለይ። እነ ሳቬጅ አክሲስ፣ ሩገር አሜሪካን፣ ሞስበርግ ፓትሪዮት በአሜሪካ ገበያ በርካሽ ዋጋ የሚታወቁ ናቸው። ፋብሪካዎቹ ገንዘብ የሚቆጥቡት በሰደፉ፣ በካዝናው፣ በብረቱ ማጌጫና አብሮ በሚሸጠው መነጽር ላይ ነው። ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ሳቬጅን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው 110 በሚባለው ሞዴል ላይ የመቀርቀሪያው (በእጅ እየተሳበ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ራስ ለብቻው የተሠራ ነው፣ ትንሽም ይንቀሳቀሳል፣ በዚህ ምክንያት ጥይቱን ከኋላ እኩል ይደግፈዋል። ቱቦው ደግሞ የሚታሰረው በትልቅ ዳዶ ነው። ለመሥራት ቀላል ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው፣ ግን አነጣጥሮ ለመምታት የሚያንስ አሠራር አይደለም። አክሲስም ይህንኑ ነው የወረሰው።

ስለዚህ ጥይቱ ሲበታተን መጀመሪያ ቱቦውን አልጠረጥርም። ብሎን ነው የምጠረጥረው። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኙት ቀለበቶች ከሱቅ ሲመጡ ላልተው ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከጥቂት ተኩስ በኋላ ይላላሉ። ወንድምህ ሁሉንም ይፍታ፣ ዘይቱን ይጥረግ፣ በመጠኑ አጥብቆ መልሶ ይሰር። ከሆድ በኩል ብረቱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚይዙትንም ብሎኖች እንዲሁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ያስምር፣ መስመሩ ብሎኑንና ብረቱን አብሮ የነካ ይሁን። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ በዓይን ይታያል።

ይህን ያስተማረኝ በሙያው አናጺ የሆነ አንድ እንግዳ ነው። ሙኔሳ የመጣው ፕላስቲክ ሰደፍ ባለው ርካሽ ጠመንጃ ነበር። ካምፑ ውስጥ ከእሱ ጠመንጃ ዋጋ ያነሰ አልነበረም። ግን ከአውሮፕላን በወረደ ማግስት፣ ገና ቡና ሳይጠጣ፣ ኢላማ እንድተክልለት ጠየቀኝ። ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሦስቱም በቡና ስኒ ማስቀመጫ ይሸፈናሉ። ለስድስት ቀን ተራራ ስንወጣና ስንወርድ ቆየን፣ በሰባተኛው ቀን 140 ሜትር ገደማ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተኮሰ፣ በቃ።

በዚያው ዓመት ሌላ እንግዳ መጣ። ጠመንጃው ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነው፣ እንጨቱ ራሱ ዓይን ይይዛል። «ቤቴ አስተካክዬዋለሁ» ብሎ ኢላማ ላይ አልሞክርም አለ። መንገድ ላይ መነጽሩ ተነክቶ ነበር። የደጋ አጋዘኑን ሆዱ ላይ መታው። ደሙን ተከትለን አስታው ጫካ ውስጥ ሁለት ቀን ተንከራተትን፣ ዝናብ መጣና ዱካውን አጠበው። አላገኘነውም። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አገር የለም። ያ እንስሳ የትኛው ቁጥቋጦ ሥር ወድቆ እንደቀረ እስከ ዛሬ አስባለሁ፣ እኔም ያን ጠዋት «ሳይሞክሩ አንወጣም» ብዬ ባለመከራከሬ ይቆጨኛል።

ወደ ወንድምህ ልመለስ። ብሎኑ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የፕላስቲኩ የፊት መያዣ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ አንድ ቀጭን ወረቀት (እኛ የ10 ብር ኖት ነበር የምንጠቀመው) በቱቦውና በመያዣው መካከል ከፊት ወደ ኋላ ያሳልፍ። ካለፈ ጥሩ። ከተያዘ ፕላስቲኩ ቱቦውን እየነካው ነው፣ ጥይቱ በወጣ ቁጥርም ቱቦውን ይገፋዋል። ሲሞክር ጠመንጃውን እንደሚተኩስበት አድርጎ ያስደግፈው። ቀጭን ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ሳይነካ ቆይቶ፣ የአሸዋ ከረጢት ላይ ክብደት ሲያርፍበት ጎበጥ ብሎ ሊነካ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የሚነካውን ቦታ በአሸዋ ወረቀት መፋቅ።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። የእነዚህ ጠመንጃዎች ቱቦ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይግላል። ሦስት ይተኩስ፣ ከዚያ ቱቦው በእጅ ተይዞ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ። መነጽሩንም በእያንዳንዱ ጥይት እያዞረ አያስተካክል፣ የሦስቱን መሀል አይቶ ያስተካክል። በ25 ሜትር ይጀምርና ወደ 100 ይሂድ። ጥይት አይቀላቅል። ባለ 150 ግሬይንና ባለ 180 ግሬይን (ግሬይን የክብደት መለኪያ ነው) አረር ከአንድ ጠመንጃ ወጥተው አንድ ቦታ አያርፉም፣ ዓይነቱ ሲቀየርም እንዲሁ ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ገዝቶ የትኛው እንደሚሰበሰብለት ይይ፣ ከዚያ በዚያው ይጽና።

ቃታውስ? በርካሾቹ ላይ ብዙ ሰው የሚያማርረው ይህንን ነው። ቃታው ከከበደ ሰውየው ሲስብ ሳያውቅ አፈሙዙን ያንቀሳቅሰዋል። አንዳንዱ ሞዴል ቃታው የሚስተካከል ነው፣ የማይስተካከለውን ግን በገዛ እጁ እንዳይሞርደው። ይልቅ ጣቱን ያስለምድ። ካምፕ ውስጥ እንዲህ እናደርግ ነበር። ጥይቱን በሙሉ ከተቀመጥንበት ክፍል አውጥተን፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ሰው አይቶ፣ ቱቦው ላይ ያቺን የደጋ አጋዘን ምስል ያለባትን 10 ሳንቲም እናስቀምጣለን። ቃታው ሲሳብ ሳንቲሟ መውደቅ የለባትም። ማታ ማታ ሃያ ጊዜ፣ ለአንድ ወር። እውነቴን ነው የምልህ፣ ከዚህ የበለጠ የተኳሽ እጅ ሲያቀና ያየሁት ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተበታተነ መነጽሩን ይቀይር። ጠመንጃውን አይደለም፣ መነጽሩን። ከጠመንጃው ያተረፈውን ገንዘብ ደህና መነጽር፣ ደህና ቀለበትና የመለማመጃ ጥይት ላይ ቢያውለው ነው የምወደው። ወረቀቱ አለፈ አላለፈ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ የአያቴ ጠመንጃ አለ፣ ቤልጅግ ነው ይሉታል። ብረቱ ላይ የአንበሳ ምልክት አለው። እሱ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የኖረው። የታናሽ እህቴ ሰርግ ደርሷል፣ አጎቶቼ «የአያትህን አውጣና አሰማበት» ይሉኛል። ይተኮሳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሰርጉ ላይ አይተኮስም። ይህን አስቀድሜ ልበል። ወደ ሰማይ የወጣ አረር አይቀልጥም፣ አዳማን በመሰለ ከተማ ላይ ተመልሶ ይወርዳል። የእህትህ ቀን በእልልታ ይድመቅ።

ስለ ጠመንጃው ግን ደስ እያለኝ እነግርሃለሁ። አንበሳ ያለበት ቤልጅግ ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጅየም ካስገባቸው ማውዘሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ጥይቱ 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። ዛሬ ፋብሪካ የሚያወጣቸው የአደን ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የመቀርቀሪያቸውን አሠራር የወሰዱት ከዚሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1898ቱ የማውዘር ንድፍ ነው። ስለዚህ ዘመናዊ የሚባለው ርካሹም የአያትህ ጠመንጃ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን አስተካክል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በአያትህ ስም የወጣ ፈቃድ ያንተ ፈቃድ አይደለም። ጠመንጃውን ተሸክመህ ሳይሆን ባዶ እጅህን ፖሊስ ዘንድ ሄደህ ምን ማድረግ እንዳለብህ ጠይቅ።

የፈቃዱ ጉዳይ ከተጠናቀቀ በኋላ ጠመንጃውን የሚያውቅ ሰው ይመርምረው። መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥርና ዋናው ብረት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው ወይ? ካልሆነ መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ጥይቱን በልኩ ላይይዘው ይችላል። ቱቦው ውስጥ ዝገት ወይም ተርብ የሠራው ጭቃ አለ ወይ? በተዘጋ ቱቦ መተኮስ ጠመንጃውን ፊት ላይ ያፈነዳዋል። «ይገባል» ተብሎ ሌላ ዓይነት ጥይትም እንዳይጎረስበት፣ ቢገባ እንኳ ቀለሁ ሊቀደድ ይችላል።

አሮጌ ጥይት ሌላ ጣጣ አለው። የድሮ ጥይት መቀስቀሻው ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው ውሃ ይስባል፣ በጥቂት ቀን ቱቦውን ያዝገዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። አባቶቻችን ተኩሰው ሲመለሱ በፈላ ውሃ ያጠቡት የነበረው ለዚህ ነው፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ መቀባት። ቃታ ተስቦ ካልተኮሰ ደግሞ መቀርቀሪያው ቶሎ መከፈት የለበትም። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጉ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፣ ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለና።

ጥያቄ፦ ከርከሮና ጃርት በቆሎዬንና እንሰቴን ጨረሱት። ልጄ «አንድ ርካሽ ጠመንጃ ብንገዛ ይበቃናል» ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ? (ከቱላ አካባቢ)

መልስ፦ አባባ፣ ድካምዎ ይገባኛል። አንድ ሌሊት የገባ ከርከሮ የሦስት ወር ልፋት እንደሚያጠፋ አይቻለሁ። ግን ጠመንጃው ይቅርብዎ። የዱር እንስሳ በገዛ ማሳ ላይ ቢገኝም ያለ ፈቃድ መግደል አይቻልም፣ የዱር እንስሳት ሕጉ ይህንን ነው የሚለው። ሕጉ ባይኖር እንኳ የእርስዎ አካባቢ ቤት በቤት ላይ የተጠጋበት ነው። የአደን ጠመንጃ አረር ካልተያዘ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሌሊት፣ በጨለማ፣ የጎረቤት ልጅ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም።

ይልቅ ጉዳቱን ቆጥራችሁ፣ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆናችሁ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ድረስ ሂዱ። አንድ ሰው ሲሄድ ይረሳል፣ አሥር ሰው ሲሄድ ይመዘገባል። እስከዚያው በማሳው ዳር ቦይ መቆፈር፣ ሌሊቱን በተራ መጠበቅ፣ እሳትና ውሻ። በቆሎውን ከቁጥቋጦው ራቅ አድርጎ መዝራትም ይረዳል፣ ከርከሮ ሜዳ ላይ ብዙ መቆየት አይወድም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለው፣ ሥራው ስለሚጠይቅ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። አልጋ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። እኔ እፈራለሁ፣ እሱ «ባዶ ነው» ይላል። (ከሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ፍርሃትሽ ልክ ነው እህቴ። በእጅ የሚቀባበለው ዓይነት ከሆነ መላው ቀላል ነው። መቀርቀሪያው ተስቦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። መቀርቀሪያውን አንድ ቦታ ይቆልፈው፣ ጠመንጃውን ሌላ ቦታ፣ ጥይቱን ሦስተኛ ቦታ። ያለ መቀርቀሪያ አይተኩስም። ቁልፎቹን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያኑራቸው። ዛሬ ማታ ይህን ገጽ አሳዪው፣ ከአልጋው ሥርም ዛሬውኑ ያውጣው።