የጠቆረ ሽቶ ይጣላል ወይ?

እኅታችን ከ3 ዓመት በፊት በስጦታ ያገኘችው ሽቶ ቀለሙ መጥቆሩንና ሲረጭ መጀመሪያ ላይ መሰንፈጡን ገልጻ «ልጣለው ወይ?» ስትል ጠይቃለች፤ ደብረ ማርቆስ ሳለች ውሎ ያድር የነበረው ሽቶ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ከምሳ ሰዓት እንደማያልፍም አክላለች። ደብረ ማርቆስ ላይ ለዓመታት ሽቶና ቅባት ስለሸጥሁ ያየሁትን ልጻፍልሽ።

እኅቴ፣ አትቸኩዪ። መጥቆሩ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ቫኒላ ያለበት ሽቶ ቫኒሊን የተባለው ንጥረ ነገር እያደር ስለሚጠቁር የሻይ መልክ ይይዛል። ስንፈጣው ግን ከሌላ ነው። በሎሚና በብርቱካን ሽታ ውስጥ ያለው ሊሞኒን ከአየር ጋር ሲቆይ ይለወጥና አኳራጅ አኳራጅ ይላል። ስለዚህ ረጭተሽ 20 ደቂቃ ያህል ታገሺ፤ ቀላሎቹ ሽታዎች በንነው ካለፉ በኋላ ከሥር የሚቀረው የምታውቂው ሽታ ከሆነ ሽቶው ገና ያገለግላል። ከዚያም በኋላ የሚሰነፍጥ ወይም ቆዳሽን የሚያሳክክ ከሆነ ግን ተዪው።

ሽቶን ከዕድሜው ይልቅ የሚጎዱት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት ከስሬ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ውስጥ የደረደርኋቸው ጠርሙሶች በጋው ሳያልቅ ሽታቸው ሲለወጥ፣ ከዚያው ካርቶን ወጥተው መሳቢያ ውስጥ የቆዩት ግን እንዳሉ ነበሩ። ጠርሙሱ ሲጎድልም በፈሳሹ ቦታ አየር ስለሚገባ፣ በግማሽ የቀረ ሽቶ ከሙሉው ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ ለበዓል ብቻ እያሉ ማስቀመጥ የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ወደ ባሕር ዳሩ ጉዳይ ስንመጣ፣ አብዛኛው የሽቶ ክፍል አልኮል ነው፤ እርሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይተንናል፣ የአበባው ሽታ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፣ እንደ ሰንደል እንጨትና ሙስክ ያሉት ከባዶቹ ደግሞ ልብስ ላይ ያድራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃሙ የባሶ ገበያ ያልፍ የነበረው የጥርኝ ዝባድ በሽቶ ቀማሚዎች ዘንድ የተፈለገው ሽታን አጽንቶ ስለሚያቆይ ጭምር ነበር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ በሞቃቱ ከተማ ሽቶው መጀመሪያ ጎልቶ ይሸታል፤ ቶሎም ያልቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ መንገደኛ በአውቶቡሱ ውስጥ የሁሉም ሰው ሽቶ ባንዴ ሲነሣ ሳያስተውል አይቀርም።

ደረቅ ቆዳ ሽቶ ስለማይዝ አስቀድመሽ ጥቂት ቫዝሊን ተቀቢ። ጠፋ ብለሽ ከመድገምሽ በፊትም አጠገብሽ ያለውን ሰው ጠይቂ፤ አፍንጫ የለመደውን ሽታ ቶሎ ይተወዋልና፣ አንቺ ሳይሸትሽ ለሌላው ይሸት ይሆናል። ልብስ ከቆዳ ይልቅ ሽታን ያቆያል፤ የጠቆረውን ሽቶ ግን በነጭ ነጠላ ላይ አትርጪው፣ ቢጫ ምልክት ይተዋል።