መልስ፦ የፍሎረንስን ታሪክ ተቀባብሎ የጻፈው ቤተሰብ

ሰላም ወንድሜ! አንድ ቤተሰብ እየተቀባበለ የጻፈው የጣሊያን ከተማ ታሪክ አለ ወይ ብለህ ነበር። አለ እንጂ! የፍሎረንሶቹን ቪላኒዎች አንብብ።

ጀማሪው ጆቫኒ ነጋዴ ነበር። በ1300 እ.ኤ.አ. ለኢዮቤልዩ፣ ማለትም ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ዓመት በዓል፣ ሮም ሄደ። የጥንቱን ፍርስራሽ ሲያይ፣ የእኔስ ከተማ ታሪክ ለምን አይጻፍም ብሎ ተነሳ። ነጋዴ ነውና ሁሉን ይቆጥራል። በ1338 አካባቢ ከ8,000 እስከ 10,000 ልጆች ፊደል ይማሩ እንደነበር ጽፏል። የሱፍ ጨርቅ የሚሠራባቸው ቤቶች ከ200 ይበልጡ ነበር ይላል።

በ1348 ጥቁር ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ገባ። ጆቫኒ "ይህ ወረርሽኝ የቆየው እስከ" ብሎ ጻፈና ቀኑን በኋላ ሊሞላው ክፍት ተወው። ሳይሞላው በዚያው በሽታ ሞተ። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ወንድሙ ማቴዎ ብዕሩን ተቀበለ። እሱንም በ1363 ወረርሽኝ ወሰደው። የማቴዎ ልጅ ፊሊፖ እስከ 1364 ያለውን ጨምሮ ጨረሰው።

አንድ ምክር ልስጥህ። መጀመሪያው ከባቢሎን ግንብ ስለሚነሳ አፈ ታሪክ ይበዛዋል። እሱን ለጊዜው ዝለለውና ጆቫኒ በዓይኑ ካየው ዘመን ጀምር።