ለድምፅ ረዳት የሚላከው ጽሑፍ ለምን ይመለሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደንበኛ ያዘዘውን ዕቃ በአማርኛ የሚያነብ የድምፅ ረዳት በፓይተን እየሠራሁ ነው። የማይክሮሶፍት አዡርን የመቅደስ ድምፅ እጠቀማለሁ፤ ለድምፁ እንዴት እንደሚያነብ በታጎች የሚነግረውን ሰነድ፣ ኤስኤስኤምኤሉን፣ የማዋቅረው በኤፍ-ስትሪንግ (የዳታውን ቃላት በቀጥታ ጽሑፍ ውስጥ በሚሰካው የፓይተን መንገድ) ነው። አብዛኛው ትእዛዝ በደንብ ይነበባል፣ አንዳንዱ ግን ስህተት 400 (የተላከው ጥያቄ የተበላሸ ነው የሚል ምላሽ) ይመልሳል። ምክንያቱ ምን ይሆን? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በቅድሚያ የዕቃዎቹን ስም ይመልከቱ። ኤስኤስኤምኤል የተጻፈው በኤክስኤምኤል፣ ማለትም የተወሰኑ ምልክቶችን ለራሱ አሠራር በሚጠብቅ የታግ ቅርጸት፣ ስለሆነ፣ ከዳታቤዝ በመጣው ስም ውስጥ «&» ወይም «<» ካለ ሰነዱ እዚያው ይበላሻል፤ አገልግሎቱም አንድ ቃል ሳያነብ ይመልሰዋል። «ሻምፑ & ኮንዲሽነር» የሚል አንድ ዕቃ ይበቃል። ምልክቶቹን በፓይተን የመተኪያ ትእዛዝ (ሪፕሌስ) አንድ በአንድ በመተኪያ ኮዳቸው መለወጥ አንመክርም። የ«&» ተራ መጀመሪያ ካልሆነ ወይም ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ከተተካ ረዳቱ የመተኪያ ኮዱን ለደንበኛው ማንበብ ይጀምራል።

ኤፍ-ስትሪንጉን ይተዉትና ሰነዱን ከፓይተን ጋር በሚመጣው የኤክስኤምኤል መሣሪያ በኤለመንትትሪ ይገንቡት፤ ምልክቶቹን ራሱ በትክክል ይተካልዎታል። ሲጀምሩበት ግን ብዙ ሰው የሚያደናግረው ንባቡን ለአፍታ የሚያቆመው የብሬክ ታግ ነው። ከብሬክ ቀጥሎ የሚነበበው ጽሑፍ የሚቀመጠው በወላጁ (ብሬኩን በያዘው ታግ) ቴክስት ማለትም በመጀመሪያ ጽሑፉ ሳይሆን፣ በራሱ በብሬኩ ቴይል ማለትም ከታጉ በኋላ በሚከተለው ጽሑፍ ነው። «ትእዛዝዎ ደርሶናል።» ድምፁን የሚመርጠው የቮይስ ታግ ቴክስት ይሆናል፤ ከዚያ የ300 ሚሊ ሰከንድ ብሬክ ይገባል፤ «ሁለት ኪሎ ሽንኩርት» ደግሞ የብሬኩ ቴይል ነው። ሁለተኛውንም ወላጁ ቴክስት ላይ ከጻፉት የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል፤ ምንም ስህተት ሳይታይ ግማሹ መልእክት ይጠፋል።

የተገነባውን ሰነድ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን ቱስትሪንግን ሲጠሩ ኢንኮዲንጉን «ዩኒኮድ» ይበሉት። ካልገለጹት ውጤቱ የአማርኛ ፊደል በሌለበት በአስኪ ይወጣና እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ «አ» ብቻዋን &#4768; ትሆናለች። ሰነዱ ያኔም ትክክል ነው፣ ሎጉን ከፍቶ ስህተት መፈለግ ግን ፈተና ይሆናል። ኔምስፔሱንም (ታጎቹ የኤስኤስኤምኤል መሆናቸውን የሚለየውን አድራሻ) አስቀድመው በባዶ ስም ያስመዝግቡ፤ ያለዚያ ታጎቹ ሁሉ ፊት ለፊታቸው «ኤንኤስ0» ይለጠፍባቸዋል።

ኤለመንትትሪ የማይጠብቅዎት ከአንድ ነገር ነው፦ ከዓይን ከተሰወሩ የቁጥጥር ምልክቶች። ከወርድ ወይም ከፒዲኤፍ ተቀድተው የገቡ ስሞች እነዚህን ይዘው ይመጣሉ። ኤክስኤምኤል 1.0 ከ32 በታች ካሉት የዩኒኮድ ቁጥሮች የሚፈቅደው 9፣ 10 እና 13ን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ጽሑፉ ወደ ሰነዱ ከመግባቱ በፊት ያጥፏቸው። ስሙ ንጹሕ መስሎ እየታየ 400 የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የማድረሻ ቀንና ሰዓት በሴይ-አዝ ታግ (ጽሑፉ ቀን ወይም ሰዓት መሆኑን ለድምፁ በሚነግረው) ብሰጥ በአማርኛ በትክክል ይነበባል? ስልክ ቁጥርስ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀንና ሰዓትን ለታጉ አይተዉ፣ በራስዎ ኮድ ወደ ቃል ይለውጧቸው። የቀን ንባቡ የተሠራው ለጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ 13ኛ ወር አያውቅም። ጳጉሜን 5ን በ5/13/2017 መልክ ልከው ቅደም ተከተሉ ወር፣ ቀን፣ ዓመት ከሆነ፣ የሚነበበው ሜይ 13 ነው። ሰዓትም እንዲሁ፦ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ከሆነ መጀመሪያ 3 ሰዓት ይደምሩ፣ ከዚያ ወደ አገራችን አቆጣጠር ለማምጣት 6 ይቀንሱ። በዩቲሲ 11:30 የሆነው በአዲስ አበባ 14:30 ነው፤ ለደንበኛው «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል» ተብሎ ይነገር።

ስልክ ቁጥርን ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው በቃል ይጻፉ፤ «ዜሮ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ» እያሉ፣ በየመካከሉ የ250 ሚሊ ሰከንድ ብሬክ ይጨምሩ። የሚሰማው ሰው እየጻፈ ከሆነ እስከ 600 ያርዝሙት።

ጥያቄ፦ ታግ ሲበዛ ክፍያው ይጨምራል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አዡር ላይ አዎ። ሰነዱን ከሚጠቀልለው ከስፒክና ከቮይስ በቀር የታጎቹ ፊደላትም ይቆጠራሉ። የንባቡን ፍጥነትና ቃና የሚወስነውን ፕሮሶዲን በየዓረፍተ ነገሩ ከመደጋገም ሙሉውን አንቀጽ አንድ ጊዜ ይጠቅልሉበት። ሌላው የድምፅ አገልግሎት አማዞን ፖሊ ታጎችን አያስከፍልም፤ ነገር ግን በኒውራል ድምፆቹ ላይ ቃልን አጠንክሮ የሚያስነብበውን ኤምፋሲስን አይቀበልም፣ ጥያቄውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ከመዛወርዎ በፊት የታጎቹን ዝርዝር ያመሳክሩ።