ከፍራሽ ሥር የተገኘ የከረሜላ ወረቀት

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጣፋጭ እየደበቀች ትበላለች። ቁም ሳጥን ውስጥ ብቆልፈውም ቁልፉን ፈልጋ ታገኘዋለች፤ ሰሞኑን ከፍራሿ ሥር አንድ እፍኝ የከረሜላ ወረቀት አገኘሁ። አባቷ «ሌባ ሆነች» ብሎ ይቆጣል፤ አማቴ ደግሞ በጎን ብር ይሰጧታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ «ሌባ» የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይውጣ። ተሸማቅቆ የሚበላ ልጅ እየተጣደፈ ይውጣል፤ ጣዕሙም ጥጋቡም አይታወቀውም።

ቁልፉ ፍላጎቷን አባብሶታል። በ1999 እ.ኤ.አ. ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች የተባሉ ተመራማሪዎች ለሕፃናት ሁለት ዓይነት ብስኩት አቅርበው አንዱን ሲከለክሉ፣ ልጆቹ ስለተከለከለው አብዝተው ማውራትና መጠየቅ ያዙ። «ጾምስ?» ይሉ ይሆናል። ጾም ቤተሰቡ አብሮ የሚይዘው፣ የሚፈታበትም ቀን የታወቀ ነው። ይህ ቁልፍ ግን እሷን ብቻ ይመለከታል፤ ማብቂያም የለውም።

ስለዚህ መቆለፉ ይቅር። ሳህን ሞልተው ሳሎን ያስቀምጡ ማለቴ ግን አይደለም፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው አሁንም ወላጅ ነው። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን አንድ ድርሻ፣ ለምሳሌ ሁለት ከረሜላ ወይም ሦስት ትናንሽ ብስኩት፣ ከእራቷ ጎን ያስቀምጡላት። ከእንጀራው አስቀድማ ብትበላውም ዝም ይበሉ፤ ጭማሪ ግን የለም። «ምስሩን ከጨረስሽ» ካሉ ምስሩ ቅጣት፣ ቸኮሌቱ ሽልማት ይሆናል፤ ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ መክሰስ ላይ ደግሞ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ቁጭ ብላ፣ ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር እስኪበቃት ትብላ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከልክ በላይ ልትበላ፣ ሆዷንም ሊያማት ይችላል። ደንግጠው መልሰው ከቆለፉ «ሲገኝ ቶሎ መሻማት ነው» የሚለውን ትማራለች። ቢያንስ ሁለት ወር ይታገሡ። ከትምህርት ቤት ስትመለስም ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ሙዝ ይጠብቃት፤ የራበው ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው ሱቅ ነው።

ለስላሳን ለብቻው ይዩት። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ 35 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ ቢመረጥ የሚለው በቀን ከ25 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ነው። ለበዓል ይቆይ።

አማትዎን አይጋፈጧቸው። «እማማ፣ በብሩ ፈንታ የወደዱትን ገዝተው አብረን ስንቀመጥ ይስጧት» ይበሏቸው። አያት መሆናቸው አይነካባቸውም፣ መደበቁም ይቀራል። ባለቤትዎ ደግሞ በፍቅርም ቢሆን «ድብልብል» እያሉ ከመጥራት ይቆጠቡ።

ውኃ ጥሙ ከበዛባት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካላት ወይም ከከሳች ግን ነገሩ የጠባይ ላይሆን ስለሚችል በዚያው ቀን የደም ስኳሯን ያስመርምሩ። ሆን ብላ የምታስመልስ ወይም ምግብ እየዘለለች የምትውል ከሆነ የልጆች ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ይያት።